ቶሎ ቶሎ የሚያጣድፍ፣ ግን ሙሉ በሙሉ የማይወጣ ሽንት፦ መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለባት የአንዲት መምህርት ጉዳይ ጥናት

መነሻ

መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም.ኤስ.፣ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚጎዳ ሕመም) ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሕመሙ ዘመን በሆነ ወቅት የሽንት ችግር ይገጥማቸዋል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን የሚወራው ስለ እግር፣ ስለ ዓይንና ስለ ድካም ነው። የሽንት ነገር የሚነሳው ታካሚው ተነስቶ ሊወጣ ሲል ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም።

ይህ ጉዳይ መመዝገብ ያስፈለገው ታካሚዋ ሦስት ዓመት ሙሉ "ቶሎ ቶሎ ያሸናኛል" እያለች ስትታከም ቆይታ፣ ከሸናች በኋላ ፊኛዋ ውስጥ ምን ያህል ሽንት እንደሚቀር አንድም ጊዜ ስላልተለካ ነው። ልኬቱ አልትራሳውንድ ባለበት ቦታ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ማንነቷን የሚጠቁሙ ዝርዝሮች ተቀይረዋል።

የታካሚዋ ሁኔታ

ታካሚዋ የ36 ዓመት ሴት፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሕመሙ የጀመራት ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ዓይኗ ላይ በተከሰተ ሕመምና ብዥታ ነው። በዓመቱ ከእምብርቷ በታች መደንዘዝና የእግር መዛል ተከተለ፤ በኤም.አር.አይ. አንጎሏና ህብለ ሰረሰሯ ላይ ጠባሳዎች ታዩ፤ ኤም.ኤስ. መሆኑም ታወቀ። ሕመሙን ለመቆጣጠር በየስድስት ወሩ ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት በደም ሥር ትወስዳለች። ያለ ምርኩዝ ትራመዳለች፤ መንገዱ ሲረዝም ግን ቀኝ እግሯ ይጎተታል፣ ማታ ማታም ጡንቻዋን ይገትራታል። ለእግሯ ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ትወስድ ነበር።

የሽንቱ ችግር ሲጀምር ሽንቷ ሲመጣ ጊዜ የማይሰጣት ሆነ። ቀጥሎ ሽንት ቤቱ በር ላይ ደርሳ ቁልፉን ስትከፍት ያመልጣት ጀመር። ቤተሰብ "ብርድ ነው" አላት፤ ጎረቤት "ኩላሊት ይሆናል" አለ። እሷም ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሲፕሮፍሎክሳሲን እየገዛች ትውጥ ነበር። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ አምስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዳለች፤ የሽንት ካልቸር (ተህዋሲውን በላቦራቶሪ አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ግን አንድም ጊዜ አልተሠራላትም።

ከስምንት ወር በፊት የፊኛን መኮማተር የሚያረግበው ኦክሲቡቲኒን 5 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ታዘዘላት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተሻላት። ከዚያ አፏ ይደርቅ ጀመር፤ ሰገራ በአምስት ቀን አንዴ ሆነባት፤ ክፍል ውስጥ የተማሪዎቿ ስም ይጠፋባት ጀመር። ሽንቷም ከበፊቱ ይበልጥ ያጣድፋት ያዘ። መድኃኒቱ ስላነሳት ነው ተብሎ መጠኑ ሊጨመር ታስቦ ነበር።

ወደ ነርቭ ክሊኒክ የመጣችው ግን ሽንቷን ብላ አልነበረም። በአራት ቀን ውስጥ ቀኝ እግሯ ክፉኛ ደክሞ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። ሕመሙ አገርሽቶባት ይሆናል በሚል በደም ሥር የሚሰጥ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ሊጀመርላት ተቃርቦ ነበር።

ሽንቱ የወሰደባት ነገር

"ሽንትሽ እንዴት ነው?" ስትባል መልሷ "ደህና ነው" የሚል ነበር። ነርሷ ጥያቄውን ለውጣ "ሽንትሽ ባያስቸግርሽ ኖሮ አሁን የተውሽውን የትኛውን ነገር ታደርጊ ነበር?" ስትላት ነው ሁሉም የተነገረው። ይህ ጥያቄ ለብዙ ታካሚዎች ይሠራል። ሰው ምልክቱን ለመናገር ያፍራል፤ የቀረበትን ነገር ለመናገር ግን ያን ያህል አይቸገርም።

ጠዋት አንድ ስኒ ሻይ ብቻ ጠጥታ ትወጣለች፤ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ውኃ የሚባል አትቀምስም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ በሩ አጠገብ ካልሆነ አትቀመጥም፤ ቦታው ከተያዘ ቀጣዩን ትጠብቃለች። በመንገዷ ላይ ሳያዙ ሽንት ቤት የሚያስገቡትን ካፌዎች በሙሉ ታውቃቸዋለች። የምትለብሰው ጥቁርና ሰማያዊ ብቻ ሆኗል። ቅዳሴ ሳያልቅ ትወጣለች። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከአሥር ደቂቃ በላይ አትቀመጥም፤ ዘመዶቿ "ኮራች" ብለው አዝነውባታል። ከባሏ ጋር መተኛት ትታ ከልጇ ጋር ማደር ከጀመረች ዓመት አልፏታል፤ ምክንያቱን ግን አልነገረችውም።

ሌሊቱ ከቀኑ ይከፋል። ቤቷ የኪራይ ሲሆን ሽንት ቤቱ ግቢውን አቋርጦ የሚገኝ የጋራ ነው። አራት ጊዜ ትነሳለች። በክረምት የረጠበው ድንጋይ ላይ አዳልጧት ወድቃለች። ፖፖ እንድትጠቀም ባሏ ቢነግራትም፣ ልጁ የሚተኛው እዚያው ክፍል ስለሆነ አፍራ ትታዋለች። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ተኝታ አታውቅም። ካርዷ ላይ ግን ቀን ቀን የሚጥላት ድካም "የኤም.ኤስ. ድካም" ተብሎ ነው የተመዘገበው።

ከሁሉ በላይ ያስፈራት የጎረቤት ወሬ ነው። በአገራችን ሽንት የሚያመልጣት ሴት ስትታይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፊስቱላን ነው። ልዩነቱ ግን በጥያቄ ይለያል። በፊስቱላ ሽንቱ ቀን ከሌሊት፣ ሳያጣድፍና ሳይቀሰቅስ ይፈሳል። የእሷ ግን ሁልጊዜ ከኃይለኛ ማጣደፍ ጋር ነው የሚመጣው። የማህፀን ምርመራም ፊስቱላ እንደሌለ አረጋግጧል።

የኑሮዋን ጫና ለመለካት አጭሩ የኳሊቪን መጠይቅ ተመረጠ። መጠይቁ በነርቭ ሕመም ሳቢያ የሽንት ችግር ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን ስምንት ጥያቄዎች አሉት። ውጤቱ ከ0 (ምንም ጫና የለም) እስከ 4 (እጅግ ከባድ) ይደርሳል። ጥያቄዎቹ በቃል በአማርኛ ስለቀረቡ ቁጥሩ የዋለው እሷን ከራሷ ጋር ለማነጻጸር ብቻ ነው። ውጤቷ 3.1 ነበር።

ፊኛው ውስጥ የሚሆነው

ፊኛ የሚያጠራቅመውም የሚያስወጣውም አንድ ላይ በሚናበቡ ሁለት ጡንቻዎች ነው። ሽንት ሲጠራቀም የፊኛው ግድግዳ ጡንቻ ዘና ብሎ ይለጠጣል፤ መዝጊያው ጡንቻ ይጠብቃል። ሲሸና ግድግዳው ይጨምቃል፤ በዚያው ቅጽበት መዝጊያው ይላላል። ይህን የሚያቀናጀው በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለ ማዕከል ነው። ትእዛዙ በህብለ ሰረሰር ወርዶ ከወገብ በታች ወዳሉት የሳክራል ነርቮች ይደርሳል።

ኤም.ኤስ. በዚህ መንገድ ላይ የነርቭ ሽፋኑን ሲጎዳ ሁለት ብልሽቶች ይፈጠራሉ። አንደኛው፣ ግድግዳው ፊኛው ሳይሞላ በራሱ ጊዜ ይኮማተራል፤ ማጣደፉና ማምለጡ ከዚህ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ግድግዳው ሲጨምቅ መዝጊያው በመላላት ፈንታ ይጠብቃል፤ ሽንቱ ይቆራረጣል፣ የተወሰነውም ፊኛው ውስጥ ይቀራል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው መኖራቸው የተለመደ ነው። ኦክሲቡቲኒንና መሰሎቹ የመጀመሪያውን ብልሽት ያረግባሉ፤ ጭምቀቱን ስለሚያደክሙ ግን ሁለተኛውን ሊያብሱት ይችላሉ። በታካሚዋ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር።

ምርመራው

እግሯ ለምን እንደደከመ ከመወሰኑ በፊት ሽንቷ ተመረመረ። የኢንፌክሽን ምልክት የሆኑት ነጭ የደም ሴልና ናይትራይት ታዩ፤ ካልቸሩም ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ አበቀለ። ተህዋሲው ሲፕሮፍሎክሳሲንን የተላመደ ሲሆን ናይትሮፉራንቶይን ለተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ግን ይበገር ነበር። ከፍተኛ ትኩሳትም ሆነ የጎን ሕመም አልነበራትም። ክሬአቲኒኗ (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እና የደም ስኳሯ ደህና ነበሩ።

ለሦስት ቀን የሽንት መዝገብ እንድትይዝ መስመር ያለው የፕላስቲክ መለኪያ ተሰጣት። የጠጣችውን፣ የሸናችውን መጠንና ሰዓት፣ ያመለጣትንም ጻፈች። በአማካይ በ24 ሰዓት 14 ጊዜ ሸንታለች፤ አራቱ ሌሊት ናቸው። በአንድ ጊዜ የምትሸናው ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ነበር። በቀን የምትጠጣው 1.2 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ሦስት አራተኛው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የሚጠጣ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚፈላው ቡና ከአቦል እስከ በረካ ጭምር። ቀን ውኃ የከለከለችው ሰውነቷ ማካካሻውን የሚያገኘው ማታ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ቢያስነሳት አያስገርምም።

ከዚያ ዋናው ልኬት መጣ። እንደተለመደው ሸንታ እንደወጣች ወዲያው በአልትራሳውንድ ፊኛዋ ታየ። ርዝመቱ 9.6፣ ስፋቱ 8.4፣ ቁመቱ 6.7 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሦስቱ ተባዝተው በ0.52 ሲባዙ ወደ 280 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በሌላ ቀን ሲደገም 240 ሆነ። አንድ ልኬት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ በተለይ ታካሚው ከመጠን በላይ ሽንት ይዞ ከጠበቀ፣ ወይም ሸንቶ ግማሽ ሰዓት ወረፋ ከቆመ። ስለዚህ መደገም አለበት። ኩላሊቶቿ አላበጡም፤ ፊኛዋ ውስጥም ጠጠር የለም።

ሁለቱ መረጃዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ፊኛዋ 380 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ከዚህ ውስጥ 280ው ሁልጊዜ የተያዘ ነው፤ ለአዲስ ሽንት የተረፈው ቦታ 100 ብቻ ነው። ፊኛዋ አልጠበበም፤ ባዶ ሆኖ አያውቅም እንጂ። የቆመ ሽንት ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል፤ የአምስቱ አንቲባዮቲክ ምክንያትም ይኸው ነው።

በካቴተር (ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የፊኛው ግፊት የሚለካበት የዩሮዳይናሚክስ ምርመራ አልተሠራም። ኩላሊቷ ደህና ስለነበርና ቀሪ ሽንቱ ለመጀመሪያው ሕክምና በቂ መረጃ ስለሰጠ፣ ሕክምናው ካልሠራ እንዲሠራ ለኋላ ተተወ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ኢንፌክሽኑ ታከመ፤ ናይትሮፉራንቶይን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለሰባት ቀን ተሰጣት። ስቴሮይዱ ሳይጀመር ቆየ። በአሥር ቀን ውስጥ እግሯ ወደ ቀድሞው አቅሙ ተመለሰ። ኢንፌክሽንና የሰውነት ሙቀት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ባይኖርም እንኳ፣ ቀደም ሲል የተጎዱ ነርቮችን መልእክት ያዳክማሉ፤ ያገረሸ የሚመስለው ድክመት ኢንፌክሽኑ ሲድን አብሮ ይሄዳል። በዚያ ቀን ስቴሮይድ ተጀምሮ ቢሆን ኢንፌክሽኑን ሊያባብሰው ይችል ነበር፤ መሻሻሉም የስቴሮይዱ ውጤት ተብሎ ይመዘገብ ነበር። በዚያው ወር የነበራት የሪቱክሲማብ ቀጠሮም ኢንፌክሽኑ እስኪጠፋ በሁለት ሳምንት ተገፋ።

ቀጥሎ ኦክሲቡቲኒኑ ቆመ። አሚትሪፕቲሊንም ፊኛን የማድከም ጠባይ ስላለው ወደ 10 ሚሊ ግራም ወረደ። የእግሯ ማቃጠል ትንሽ ቢጨምርም ቻለችው። የሆድ ድርቀቱ ጎን ለጎን ታከመ፤ ላክቱሎስ 15 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት በውኃ የተበጠበጠ ተልባ፣ ከቁርስ በኋላ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሽንት ቤት መቀመጥ። በሰገራ የተሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል፣ መውጫውንም ያጠባል፤ ይህን ሳያስተካክሉ የፊኛ መድኃኒት መቀያየር ድካም ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቀሪ ሽንቱ ከ280 ወደ 160 ወረደ። ጥሩ ለውጥ ነው፤ ግን አልበቃም። በአንዳንድ አገሮች መመሪያ ቀሪ ሽንቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነና ምልክት ካለ፣ ታካሚው ራሱ በካቴተር ማውጣት እንዲለማመድ ይመከራል።

እዚህ ላይ ሕክምናው ለሦስት ሳምንት ቆመ። "ካቴተር" ሲባል የታያት አልጋ ላይ የቀረ ሰው ጎን የሚንጠለጠል ከረጢት ነበር። ነርሷ አልተጫነቻትም። ቱቦውን እጇ ላይ አስቀመጠችላት፤ ቁጥር 12፣ ከእርሳስ የሚቀጥን፣ አንድ ጊዜ ገብቶ ሽንቱን አውጥቶ ወዲያው የሚወጣ። ከዚያ "ለሁለት ሳምንት ሞክሪው፤ ካልተስማማሽ ትተይዋለሽ" አለቻት። የወሰነችው ይህን ከሰማች በኋላ ነው። ባሏም በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮ መጣ፤ ከእሱ ጋር መተኛት የተወችበት ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረውም ያኔ ነው።

ከመጀመሩ በፊት እጇ ተፈተሸ። የውኃ ላስቲክ ክዳን መክፈትና የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ከቻለች ካቴተር መያዝም ትችላለች። ሁለቱንም ቻለች። የጭኖቿ ጡንቻ ግን እየተሰበሰበ እግሯን ለመክፈት አስቸገራት፤ ለዚህ ባክሎፌን 5 ሚሊ ግራም ማታ ተጨመረላት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ብልት ከፊት ወደ ኋላ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ካቴተሩ ጫፉ ምንም ሳይነካ በውኃ የሚሟሟ ጄል ይቀባል፤ ቫዝሊን አይሆንም። በግራ እጅ ከንፈሮቹ ተከፍተው በቀኝ እጅ ካቴተሩ ቀስ ብሎ ይገባል። የሴት የሽንት ቧንቧ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ሽንቱ ቶሎ ይመጣል፤ ሲመጣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨመራል። መፍሰሱ ሲቆም ቀስ እየተባለ ይወጣል፤ በመውጣት ላይ እያለ እንደገና ከፈሰሰ እዚያው ቆሞ መጠበቅ ነው። መዝጊያው አልከፍት ካለ አይገፋም፤ በረጅሙ ተንፍሶ መጠበቅ፣ ወይም ሳል ማለት ያላላዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት አስቸጋሪ ነበር። ደጋግማ በሽንት ቧንቧው ፈንታ ወደ ብልቷ ቀዳዳ አስገባችው። መፍትሔው በተሳሳተ ቦታ የገባውን እዚያው መተውና በአዲስ ካቴተር ከእሱ ከፍ ብሎ መሞከር ነው፤ ያው ቱቦ ተመልሶ ወደ ሽንት ቧንቧ አይገባም። በጋራው ሽንት ቤት ማድረግ ጨርሶ የማይሆን ሆነ፤ መብራት የለም፣ መስተዋት የሚቆምበት ቦታ የለም፣ ውኃ የሚገኘው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ቦታው ወደ ቤት ተዛወረ። በክፍሉ ጥግ መጋረጃ ተሰቀለ፤ ዝቅተኛ በርጩማ፣ ፖፖ፣ ትንሽ መስተዋት፣ የስልክ መብራት፣ ክዳን ባለው ጀሪካን ለእጅ መታጠቢያ ብቻ የተለየ ውኃ ተዘጋጀ። መጋረጃው ከተሰቀለ በኋላ ሌሊትም ፖፖውን መጠቀም ጀመረች፤ ግቢ መውጣቱም ቀረ።

ፕሮግራሙ በቀን ሦስት ጊዜ የታሰበ ነበር፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ቀትር ላይና ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል። የቀትሩ አልሆነም፤ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በሩ አይቆለፍም። እሱን በግድ ማስቀጠል ሁሉንም ያስተዋታል ተብሎ ስለታሰበ ወደ ቀኑ 10 ሰዓት ተኩል፣ ቤት እንደገባች ተዛወረ። በመሃል በተፈጥሮ ትሸናለች፤ ሸንታ ስትጨርስ ተነስታ ትንሽ ቆማ እንደገና ትቀመጣለች፤ ሁለተኛው ሙከራ ጥቂት ይጨምራል። ማማጥ ተከልክላለች።

አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጣል የተሻለ ቢሆንም በቀን ሦስት ካቴተር መግዛት አቅሟ አልፈቀደም። ከነርሷ ጋር የተስማሙት እንደገና መጠቀምን ነው፤ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ውስጡን ጭምር ማጠብ፣ በንጹህ ውኃ ማለቅለቅ፣ ውኃውን አራግፎ በአየር ማድረቅ፣ በደረቅ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ፣ ከሻከረ፣ ከተጣመመ ወይም ቀለሙ ከተቀየረ መጣል። እርጥብ ካቴተር በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው።

ፊኛው መውጫ ካገኘ በኋላ ብቻ የማጣደፉ መድኃኒት ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የተመረጠው ሶሊፈናሲን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ የማስታወስ ችግሯ ከኦክሲቡቲኒን ጋር ስለመጣ። አሁን ቀሪ ሽንቱ ቢጨምርም ካቴተሩ ያወጣዋል።

የውኃው ነገርም ተገለበጠ። በቀን 1.5 ሊትር፣ አብዛኛው ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት፣ በየምግቡ አንድ ብርጭቆ፤ ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ማቆም። ቡናው አቦል ብቻ ሆነ። ከቡናው ጨዋታ እንድትቀር ግን ማንም አልመከራትም፤ የጎረቤት ቡና ለእሷ ከመጠጡ ይበልጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አለመቅመሷ ሽንቷን አወፍሮ ማጣደፉን መልሶ አመጣው። ጉዳዩን ለንስሐ አባቷ ራሷ ነገረች፤ መድኃኒቷንና ውኃዋን እንድትወስድ ፈቀዱላት። ይህ ውሳኔ የታካሚውና የአባቱ ነው፤ የባለሙያው ድርሻ ውኃ ማቆም በፊኛው ላይ የሚያመጣውን በግልጽ ማስረዳት ብቻ ነው።

ለሥራ ቦታዋ የተጻፈው ደብዳቤ የሕመሟን ስም አይጠቅስም። "በጤና ምክንያት በክፍለ ጊዜ መካከል ለአጭር ጊዜ መውጣት ያስፈልጋታል" ይላል። ርዕሰ መምህሩ በአጠገቧ ያለችው መምህርት በመሃል ክፍሏን እንድትጠብቅላት አደረጉ።

ከስድስት ወር በኋላ

በ24 ሰዓት የምትሸናው ከ14 ወደ ስምንት ወረደ፤ ሦስቱ በካቴተር ናቸው። ሌሊት አንዴ ትነሳለች። በየቀኑ ያመልጣት የነበረው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሆኗል። በስድስት ወር ውስጥ በካልቸር የተረጋገጠ ኢንፌክሽን የያዛት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የኳሊቪን ውጤቷ ከ3.1 ወደ 1.25 ወርዷል። ለፋሲካ ወደ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአውቶቡስ ሄዳ ተመልሳለች፤ ለቅሶ ቤትም ተቀምጣ ታስተዛዝናለች። ቀን ቀን የሚጥላት ድካም እንቅልፏ ሲመለስ በግልጽ ቀንሷል።

ሁሉም አልተፈታም። ስትወጣ አሁንም ሞዴስ ታደርጋለች። ሶሊፈናሲኑ ከገበያ ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ስትቆይ ማጣደፉ ተመለሰ፤ አሁን የአንድ ወር መጠባበቂያ ታስቀምጣለች። የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ ብዙ አልጠቀማትም፤ መዝጊያው ከመጀመሪያውም የሚጠብቅባት ስለሆነ ማጠንከሩ የሚፈታው ነገር ጥቂት ነው። የጠቀማት ሲያጣድፋት ከመሮጥ ይልቅ ባለችበት ቆማ አምስት ስድስት ጊዜ ይህንኑ ጡንቻ ፈጠን አድርጋ ማኮማተሯ ነው፤ ማዕበሉ እስኪያልፍ ጊዜ ይገዛላታል። ከባሏ ጋር ያለው ነገር ቀስ በቀስ ነው የተመለሰው፤ ከግንኙነት በፊት ፊኛዋን በካቴተር ማውጣቷ ስጋቱን ቀንሶላታል።

ለሌሊቱ፣ ኩላሊት የሚያመርተውን ሽንት ለጊዜው የሚቀንሰው ዴስሞፕሬሲን ታስቦ ነበር። የደም ሶዲየምን ሊያወርድ ስለሚችል ተከታታይ ምርመራ ይፈልጋል፤ የመጠጥ ሰዓቷ ሲስተካከል ሌሊቱ ስለተሻሻለ አላስፈለገም። መድኃኒቱ ወደፊት ካልበቃት ጡንቻን የሚያላላውን ቦቱሊነም ቶክሲን ፊኛ ውስጥ መወጋት ቀጣዩ አማራጭ ነው። በነርቭ ሕመም ለታወከ ፊኛ የሚሰጠው መጠን ብዙውን ጊዜ 200 ዩኒት ሲሆን ለወራት ይቆያል። ከመርፌው በኋላ ብዙ ሰው ካቴተር ያስፈልገዋል፤ እሷ ግን ከወዲሁ ለምዳዋለች።

ለሌሎች ታካሚዎችና ባለሙያዎች

ኤም.ኤስ. ያለበት ሰው "ቶሎ ቶሎ ያሸናኛል" ሲል የፊኛ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ሁለት ነገር ይቅደም፦ የሽንት ምርመራና ቀሪ ሽንቱን መለካት። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላም ምልክቱ ሲብስ መጠን ከመጨመር በፊት ልኬቱ ይደገም። ታካሚው ራሱ "ከሸናሁ በኋላ ፊኛዬ በአልትራሳውንድ ይታይልኝ" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሙሉ በሙሉ እንደወጣለት የሚሰማው ስሜት አስተማማኝ አይደለም፤ ይህች ታካሚ 280 ሚሊ ሊትር ይዛ "ጨርሻለሁ" ትል ነበር።

እግር ሲደክም፣ ዓይን ሲደበዝዝ ወይም ድካም በድንገት ሲበረታ፣ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ሽንት ይመርመር። በተቃራኒው፣ በካቴተር የሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ምልክት ሳይኖረው ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ማቃጠል፣ ትኩሳት፣ የባሰ ማጣደፍ ወይም አዲስ የነርቭ ድክመት ከሌለ አይታከምም። በአራተኛው ወር በእሷ ሽንት ላይ ናይትራይት ታይቶ ያለ አንቲባዮቲክ ታልፏል፤ ምንም አልሆነችም። ያለ ካልቸር የሚገዛ አንቲባዮቲክ የሚያፈራው የተላመደ ተህዋሲ ነው፤ የእሷ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያልሠራውም ለዚህ ነው።

ዕቅድ ሲወጣ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ፣ በሩ ይቆለፍ እንደሆነ፣ ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚተኛ መጠየቅ አለበት። በዚህ ጉዳይ መጋረጃውና ጀሪካኑ ከመድኃኒቱ እኩል ሠርተዋል።

በወንዶች አሠራሩ ይለያል። ቧንቧቸው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ካቴተር ያስፈልጋቸዋል። ዕድሜያቸው የገፋ ከሆነም የፕሮስቴት እብጠት አብሮ መታየት አለበት።

ሽንት ጭራሽ አልመጣ ካለ፣ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለትና ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ፣ ሽንት ውስጥ ደም ከታየ፣ ወይም በመቀመጫ አካባቢ አዲስ መደንዘዝ ከተሰማ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ቀጣይ ክትትል

በየስድስት ወሩ፣ ከሪቱክሲማቡ ቀጠሮ ጋር በአንድ ቀን፣ የሦስት ቀን መዝገቧን ይዛ ትመጣለች፤ መጠይቁም ይደገማል። በዓመት አንድ ጊዜ ኩላሊትና ፊኛዋ በአልትራሳውንድ ይታያሉ። በየቀጠሮው የላስቲክ ክዳኑና የቁልፉ ፈተና ይደረጋል፤ እጇ ከደከመ ካቴተሩን መያዝ የሚያቅታት ሌላ ምልክት ከመታየቱ በፊት ሊሆን ይችላልና። ባሏ አሠራሩን ከነርሷ ተምሯል፤ አንድ ጊዜም እሷ ጉንፋን ይዟት እጇ ሲዝል እሱ አድርጎላታል።